የሰማይ ጸጥታ ታሪክ፦ ሶኒክ ቡም ዛሬ ለምን አይሰማም?



እኛ የታሪክ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንመረምረው የሆነውን ነው። ጦርነት ተካሄደ፤ ለምን ተካሄደ? ሕግ ወጣ፤ ማን አወጣው? ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ጥያቄ ግን መሆኑን ስላቆመ ነገር ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት በአሜሪካና በአውሮፓ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚያውቀው፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ የተኛን የሚያባንን አንድ ድምፅ ነበር። ይህም ከድምፅ ፈጥኖ የሚበር አውሮፕላን የሚያሰማው ፍንዳታ ሲሆን በተለመደው መጠሪያው «ሶኒክ ቡም» ይባላል። ዛሬ ይህ ድምፅ ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ እንግዳ ነው።

ለዚህ ጸጥታ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ አጭር ነው። ኮንኮርድ የተባለው አውሮፕላን ውድ ነበር፤ ከአገልግሎት ወጣ፤ ድምፁም አብሮት ጠፋ ይባላል። የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይህን ማብራሪያ አይደግፍም። አሜሪካ ከድምፅ የፈጠነ የሲቪል በረራ ከምድሯ በላይ እንዳይደረግ የከለከለችው በ1973 ነው። ኮንኮርድ የመጀመሪያዎቹን መደበኛ መንገደኞች ያሳፈረው በ1976 ነው። ክልከላው አገልግሎቱን በሦስት ዓመት ይቀድመዋል። ስለዚህ ጸጥታውን ለመረዳት ከአውሮፕላኑ ሒሳብ መዝገብ በፊት ሌላ መዝገብ መግለጥ ይኖርብናል፤ እርሱም ከመሬት ሆነው ድምፁን የሰሙ ሰዎች የሰጡት ቃል ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የድምፁ ባሕርይ

ታሪኩን ለመከታተል ስለ ድምፁ ባሕርይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሩቅ መሄድ የለብንም። በቡሄ ሰሞን ልጆች የሚያጮኹትን ጅራፍ ሁላችንም እናውቃለን። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ተረት ለሌላ ቁም ነገር የተነገረ ቢሆንም በፊዚክስ ዓይን ሲታይም ትክክል ነው። ጅራፉ የሚጮኸው አንዳች ነገር ስለ መታ አይደለም። ጫፉ በአየር ውስጥ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲወረወር ትንሽ ሶኒክ ቡም ስለሚፈጥር ነው።

ድምፅ በባሕር ወለል ከፍታ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ባለው ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ፍጥነቱ ወደ 1,060 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከዚህ ፍጥነት በታች የሚበር አውሮፕላን የሚገፋው አየር እንደ ሞገድ ቀድሞት ይሄዳል፤ መምጣቱ ከመድረሱ በፊት ይታወቃል። አውሮፕላኑ ከድምፅ ሲፈጥን ግን ሞገዶቹ ሊቀድሙት አይችሉም። በላይ በላዩ ተደራርበው እንደ ሾጣጣ ድንኳን ከኋላው ይዘረጋሉ። ይህ የተጠራቀመ ግፊት መሬት ሲደርስ ጆሮ እንደ ፍንዳታ ይቀበለዋል። ብዙውን ጊዜ ፍንዳታው ሁለት ነው፤ አንዱ ከአፍንጫው፣ ሁለተኛው ከጅራቱ የሚነሣ።

ኤርንስት ማክ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ከባልደረባው ከፔተር ሳልከር ጋር በመሆን በበራሪ ጥይት ዙሪያ የሚፈጠረውን ይህን ሞገድ በፎቶግራፍ አንሥቶ በ1887 አሳትሟል። የድምፅን ፍጥነት በእርሱ ስም «ማክ 1» እያልን የምንጠራውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሞገዱ በሳይንስ ሲታወቅ ሰው ገና በአውሮፕላን መብረር አልጀመረም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ስሕተት ማረም ይገባል። ብዙ ሰው ፍንዳታው የሚሰማው አውሮፕላኑ የድምፅን ፍጥነት በሚያልፍባት ቅጽበት ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቀላል ነበር፤ ያቺን ቅጽበት ሰው በሌለበት ቦታ አሳልፎ መንገድን መቀጠል ይቻል ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ከድምፅ በላይ እስከ በረረ ድረስ ሞገዱን እንደ ምንጣፍ ከሥሩ እየጎተተ ይሄዳል። የምንጣፉ ስፋት በግምት አውሮፕላኑ ለሚበርበት ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር ከፍታ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በ15 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ምድር ላይ ይሰማል። ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት አለ። አንዱን በአንዱ ብናባዛ አንድ በረራ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከሩብ በሚበልጥ ምድር ላይ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ሊያስደነግጥ ይችላል ማለት ነው። ይህ ስሌት ለቀጣዩ ታሪክ ቁልፍ ነው። ተሳፋሪዎቹ መቶ ቢሆኑ ሰሚዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው።

ከወታደር ሰማይ ወደ መንገደኛ ሰማይ

በኦክቶበር 14 ቀን 1947 ቻክ የገር የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በካሊፎርኒያ በረሃ ቤል ኤክስ-1 የተባለውን አውሮፕላን እያበረረ በቀጥታ በረራ ከድምፅ በላይ መፍጠኑ በመሣሪያ የተረጋገጠለት የመጀመሪያ ሰው ሆነ። ፍጥነቱ ማክ 1.06 ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጉዳዩ ከበረሃ ሙከራ ወጥቶ የዕለት ተዕለት ወታደራዊ ሥራ ሆነ። ተዋጊ ጄቶችና ቢ-58 የተባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በአሜሪካ ከተሞችና እርሻዎች ላይ ሲመላለሱ ለአየር ኃይሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የካሳ ጥያቄዎች ይደርሱት ጀመር። መስተዋት ተሰበረ፤ ልስን ተሰነጠቀ፤ ከብት ደነበረ የሚሉ ናቸው። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በመሆኑ ድምፁ ለአገር መከላከያ የሚከፈል ዋጋ ተደርጎ ይቀርብ ነበር፤ ሕዝቡም በአመዛኙ በዚህ መልኩ ተቀብሎት ነበር።

የሕዝቡን አቀባበል የለወጠው የንግድ ዕቅድ ነው። በኖቬምበር 1962 ብሪታንያና ፈረንሳይ ኮንኮርድን በጋራ ለመሥራት ተፈራረሙ። በጁን 1963 ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በኮሎራዶ በሚገኘው የአየር ኃይል አካዳሚ የምረቃ በዓል ላይ ተገኝተው አሜሪካም ከድምፅ የፈጠነ የመንገደኛ አውሮፕላን እንደምትሠራ አስታወቁ። ሶቪየት ኅብረትም ቱፖሌቭ-144ን በመሥራት ላይ ነበረች። ውድድሩ የክብር ውድድር ነበር። ይሁን እንጂ ወታደራዊ በረራ አልፎ አልፎ የሚደረግ ሲሆን የንግድ በረራ ግን የጊዜ ሰሌዳ አለው፤ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ በአንድ መስመር ይመላለሳል። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት ከዚያ በፊት በዚህ መጠን ያልተጠየቀውን ጥያቄ መጠየቅ ግድ ሆነበት፤ ሕዝቡ ይህን ድምፅ በየቀኑ ሊሸከመው ይችላልን?

ኦክላሆማ ሲቲ፣ 1964

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የተደረገው ትልቁ ሙከራ የተካሄደው በኦክላሆማ ሲቲ ነው። ከተማዋ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። የፌዴራሉ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ትልቅ ማዕከልና የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር የሚገኙት እዚያው ስለነበር ለብዙ ነዋሪ አቪዬሽን የእንጀራ ጉዳይ ነው። በሌላ አነጋገር ሙከራው የተደረገው ለአውሮፕላን የተሻለ ትዕግሥት ይኖረዋል ተብሎ በሚገመት ሕዝብ ላይ ነው።

ከፌብሩዋሪ 3 እስከ ጁላይ 30 ቀን 1964 ድረስ፣ ለስድስት ወር ያህል፣ ወታደራዊ ጄቶች በከተማዋ ላይ ከድምፅ ፈጥነው በረሩ። የተቆጠሩት ፍንዳታዎች በድምሩ 1,253 ናቸው። በቀን እስከ ስምንት የሚደርሱ ሲሆን የሚጀምሩት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ሌሊት ግን አልተሞከረም፤ ይህን ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ። የግፊቱ መጠን በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ፓስካል ገደማ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ይህ ከተለመደው የአየር ግፊት አንድ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ግፊቱ ከፍ የሚለው በጥቂት ሺሕኛ ሰከንዶች ውስጥ በመሆኑ ሰውነት እንደ ምት ይቀበለዋል።

በመጀመሪያዎቹ አሥራ አራት ሳምንታት በከተማዋ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ 147 የመስኮት መስተዋቶች ተሰበሩ። እስከ ሙከራው ፍጻሜ ድረስ ለመንግሥት የደረሱት ቅሬታዎች ከ15,000 በላይ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መደበኛ የካሳ ጥያቄ አቀረቡ፤ ካሳ ያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ለታሪክ ተማሪ ከመስተዋቱ ይልቅ የሚያጓጓው የቃለ መጠይቁ ውጤት ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማዕከል 3,000 የሚጠጉ አዋቂ ነዋሪዎችን በሙከራው ወቅት በሦስት ዙር ጠየቀ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በቀን ስምንት ፍንዳታ ላልተወሰነ ጊዜ ቢቀጥል ልትኖሩበት ትችላላችሁን?» የሚል መንፈስ ያለው ነበር። በመጀመሪያው ዙር 90 በመቶ ያህሉ እንችላለን አሉ። በሁለተኛው ዙር ቁጥሩ ወደ 81፣ በመጨረሻው ወደ 73 በመቶ ወረደ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጠለቅ ብለን እንመልከታቸው። የሙከራው ደጋፊዎች ሰው ከጊዜ ብዛት ድምፁን ይለምደዋል የሚል ተስፋ ነበራቸው፤ የባቡር ሐዲድ አጠገብ የሚኖር ሰው ባቡሩን እንደሚለምደው ማለት ነው። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት አቅጣጫ የተገላቢጦሽ ነው። በእርግጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሙከራው ሂደት የፍንዳታው ጥንካሬ ሆን ተብሎ ከፍ እንዲል ስለተደረገ የድጋፉን መውረድ ሁሉ በመሰላቸት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የሆነ ሆኖ ሰው ለምዶታል ለማለት የሚያስችል ማስረጃ ከዚህ አልተገኘም።

ሌላው ጥያቄ የትርጓሜ ጥያቄ ነው። 73 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? ለአውሮፕላኑ ደጋፊዎች ከፍተኛ አብላጫ ድምፅ ነበር፤ በምርጫ ቢሆን ማንም እጩ የሚመኘው ውጤት ነው። ለተቃዋሚዎች ደግሞ ዋናው ቁጥር ቀሪው 27 በመቶ ነበር። ከመስመሩ ሥር ከሚኖሩ 10 ሚሊዮን ሰዎች 2.7 ሚሊዮኑ ልንኖርበት አንችልም ይላሉ ማለት ነው፤ ይህም ለአቪዬሽን ወዳጅ በሆነች ከተማ፣ በቀን ብቻ በተደረገ ሙከራ የተገኘ ነው። አንድ ጥናት፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ። ክርክሩ ከመለኪያ ጉድለት የመነጨ አልነበረም። የመነጨው «ስንት ሰው ሲጎዳ ነው በዛ የምንለው?» ከሚለው ጥያቄ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም መሣሪያ አይመልሰውም።

ከቅሬታ ወደ ሕግ

ቅሬታ ብቻውን ሕግ አይሆንም። የሚያደራጀው፣ በቁጥርና በክርክር ቋንቋ የሚያቀርበው ሰው ይፈልጋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎልተው ይታያሉ፤ ሁለቱም ከሳይንሱና ከምሕንድስናው ዓለም የወጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ስዊድናዊው ቦ ሉንድበርግ ነው። ሉንድበርግ የአገሩ የበረራ ምርምር ተቋም ኃላፊ የነበረ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፤ አውሮፕላንን ጠላ ተብሎ ሊታማ የሚችል ሰው አልነበረም። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሚያነሣው ዋና ነጥብ እንቅልፍ ነበር። መለኪያችን አማካይ ሰው በቀን የሚሸከመው መጠን ሊሆን አይገባም፤ ሌሊት የሚባንነውን፣ የታመመውን፣ ድንጋጤ የሚጎዳውን ሰው ልናስብ ይገባል የሚል ነው። ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ያልተሞከረው ሌሊት የእርሱ ክርክር ማዕከል ነበር።

ሁለተኛው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ሸርክሊፍ ነው። ሸርክሊፍ በ1967 በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ «የዜጎች ፀረ ሶኒክ ቡም ማኅበር» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ድርጅት መሠረተ። ማኅበሩ በጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጣ፣ ለሕግ አውጪዎች ደብዳቤ ይጽፍ፣ መረጃ ያሰራጭ ነበር። በ1970 የታተመው የሸርክሊፍ መመሪያ መጽሐፍ የፊዚክሱንና የሙከራዎቹን ውጤት ለተራው አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ያቀረበ ነው። ለመንግሥት ሪፖርት የተዘጋጀው ቁጥር በዚህ መንገድ በሕዝብ እጅ ገባ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሂደት ደረጃ በደረጃ ነው። በ1968 የአሜሪካ ኮንግረስ የአውሮፕላን ጫጫታንና ሶኒክ ቡምን የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራሉ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት በሕግ ሰጠ። በማርች 1971 ቦይንግ ለሚሠራው ከድምፅ የፈጠነ የመንገደኛ አውሮፕላን የሚሰጠውን የመንግሥት ገንዘብ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በጠባብ ልዩነት፣ ሴኔቱ ደግሞ በ51 ለ46 ድምፅ አቋረጡት። ከክርክሩ መካከል የወጪው ብዛት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ጫጫታና በኦዞን ላይ ሊደርስ ይችላል የተባለው ጉዳትም ነበሩ፤ ድሉን ለሶኒክ ቡም ብቻ መስጠት ተገቢ አይሆንም። በኤፕሪል 1973 ግን በተለይ ለድምፁ የተሰጠው መልስ ሥራ ላይ ዋለ። ማንኛውም የሲቪል አውሮፕላን ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር በአሜሪካ ምድር ላይ ከማክ 1 በላይ እንዳይበር ደንቡ ከለከለ። በርካታ የአውሮፓ አገሮችም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ እገዳ አደረጉ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ጉባኤም ሶኒክ ቡም በሕዝብ ላይ ተቀባይነት የሌለው ሁኔታ እንዳይፈጥር የሚያሳስብ አቋም ተወሰደ።

ደንቡ የተጻፈበትን መንገድ ልብ በሉ። የከለከለው የተወሰነ የጫጫታ መጠንን ሳይሆን ፍጥነትን ነው። በጊዜው ከድምፅ በላይ ፈጥኖ ያለ ፍንዳታ የሚበር አውሮፕላን ስላልነበረ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን ይህ የአጻጻፍ ምርጫ ራሱ የክርክር ምንጭ ሆኗል።

ኮንኮርድ በውቅያኖስ ላይ

ኮንኮርድ በጃንዩዋሪ 21 ቀን 1976 ከለንደን ወደ ባሕሬን፣ ከፓሪስ ደግሞ በዳካር በኩል ወደ ሪዮ ዲ ጃኔሮ በመብረር አገልግሎቱን ጀመረ። መቶ ያህል መንገደኞች ይዞ ከድምፅ በእጥፍ ይፈጥናል፤ አትላንቲክን በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያቋርጣል። ሆኖም የተወለደው ደጃፎች ከተዘጉ በኋላ ነው። ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ፍጥነቱን ውቅያኖስ ላይ ቀንሶ ይገባ ነበር። ከለንደን በባሕሬን በኩል ወደ ሲንጋፖር በ1977 የተጀመረው በረራ ማሌዢያ በፍንዳታው ምክንያት ተቃውሞ በማቅረቧ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ተቋረጠ። ከ1979 እስከ 1980 ብራኒፍ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ኮንኮርድን ከዋሽንግተን ወደ ዳላስ ያበርረው ነበር፤ ነገር ግን መስመሩ በየብስ ላይ ስለሆነ በማክ 0.95 ብቻ ነበር የሚበረው። ከድምፅ እጥፍ ሊፈጥን የሚችል አውሮፕላን ከድምፅ በታች እንዲበር በሕግ ተገዶ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የሚያቀርቡትን መከራከሪያ በሚገባ መመዘን አለብን። ቦይንግ 747 በ1970 አገልግሎት ላይ ውሏል፤ በርካሽ ዋጋ ብዙ ሰው ያጓጉዛል። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ የኮንኮርድ ሞተሮች ደግሞ ነዳጅ ይፈጃሉ። እገዳው ባይኖርስ አውሮፕላኑ ያተርፍ ነበር ወይ? የሶቪየት ኅብረት ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ቱፖሌቭ-144 ከሞስኮ ወደ አልማ አታ በየብስ ላይ ከድምፅ ፈጥኖ ይበር ነበር፤ እንደ አሜሪካ ያለ እገዳ አልገታውም። ሆኖም ከኖቬምበር 1977 እስከ ጁን 1978 ድረስ 55 የመንገደኛ በረራ ብቻ አድርጎ አቆመ። ስለዚህ የወጪና የአስተማማኝነት ችግር ራሱን የቻለ ምክንያት መሆኑን መካድ አይቻልም።

የእኔ ግምገማ እንደሚከተለው ነው። ወጪው የኮንኮርድን መጨረሻ ያስረዳል፤ ከተሞች ጸጥ ያሉበትን ጊዜና ቦታ ግን አያስረዳም። በአገልግሎት ላይ የዋሉት ኮንኮርዶች 14 ብቻ የሆኑት ብዙ መስመሮች ገና ከጅምሩ ስለ ተዘጉባቸው ጭምር ነው። ኮንኮርድ እስከ ኦክቶበር 2003 ድረስ ለ27 ዓመት በረረ፤ በእነዚያ 27 ዓመታትም ድምፁ በአመዛኙ የወደቀው በውቅያኖስ ላይ ነው። ሒሳቡ ቢሠራም ባይሠራም የኦክላሆማ ሲቲ ዓይነት ጠዋት ለማንም ከተማ የዕለት ሥርዓት አልሆነም። ይህን ያደረገው ደንቡ ነው፤ ደንቡን ያመጣው ደግሞ የሰሚዎቹ ቃል ነው።

ድምፁ የት ሄደ?

ሶኒክ ቡም ከዓለም አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ። የ1973ቱ ደንብ የሚመለከተው የሲቪል አውሮፕላንን ነው። ወታደራዊ ጄቶች ዛሬም ከድምፅ ይፈጥናሉ፤ በአብዛኛው ግን በባሕር ላይ ወይም ለዚሁ በተከለለ በረሃማ ክልል ነው። ኮንኮርድ ራሱ በ1970 ሲሞከር የተመረጠለት መስመር የብሪታንያ ምዕራባዊ ጠረፍ ነበር፤ ከዚያም ቅሬታና የካሳ ጥያቄ መጥቷል። የብዙኃኑ ጸጥታ የተገኘው ድምፁ በከፊል ወደ ጥቂቶች ደጅ በመወሰዱ ጭምር መሆኑን መርሳት የለብንም። ከባሕር ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅና ከበረሃ አጠገብ የሚኖር ከብት አርቢ በኦክላሆማ ሲቲው ጥናት ውስጥ አልተጠየቁም።

አልፎ አልፎ ድምፁ ወደ ከተማ ሲመለስ ጸጥታው ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ እናያለን። በሴፕቴምበር 2020 አንድ የፈረንሳይ ተዋጊ ጄት ግንኙነት ያቋረጠ አውሮፕላን ለመከታተል ከድምፅ ፈጥኖ ሲበር ፓሪስ በድንጋጤ ተናወጠች፤ የሮላን ጋሮስ የቴኒስ ተጫዋቾች ጨዋታቸውን ለአፍታ ገቱ። በጁን 4 ቀን 2023 ኤፍ-16 ጄቶች መልስ የማይሰጥ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ሲያሳድዱ ፍንዳታው በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ ተሰማ። በዚያ አካባቢ የሚኖሩት በርካታ ወገኖቻችንም ከሰሚዎቹ መካከል ነበሩ። አያቶቻቸው በኦክላሆማ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቁት ድምፅ ለልጅ ልጆቻቸው የቦምብ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ምልክት ሆኗል። በፌብሩዋሪ 2013 በሩስያ በቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ የፈነዳው የሰማይ አለት ደግሞ ተፈጥሮም ይህን ድምፅ እንደምታውቅ አሳይቷል፤ በዋናነት በተሰባበረ መስተዋት ምክንያት ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው ተጎድቷል።

ዛሬ የሚጠየቀው ጥያቄ

ይህን ታሪክ አሁን ያነሣሁት ጸጥታው እንደገና ለውይይት ስለ ቀረበ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ከሎክሂድ ማርቲን ጋር ኤክስ-59 የተባለ አውሮፕላን ሠርቷል። አውሮፕላኑ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና በጣም ረጅም ቀጭን አፍንጫ ያለው ነው። የቅርጹ ዓላማ ሞገዶቹ እንዳይጠራቀሙ አድርጎ ፍንዳታውን በሩቅ እንደሚዘጋ የመኪና በር ድምፅ ማለዘብ ነው። በኦክቶበር 28 ቀን 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ዕቅዱ በተመረጡ ከተሞች ላይ አብሮ ነዋሪዎቹን ምን እንደሰሙ መጠየቅ ነው። ናሳ ቀደም ሲል በ2018 በቴክሳስ በጋልቬስተን ከተማ በሌላ ጄት የለዘበ ፍንዳታ እያሰማ ነዋሪዎችን ጠይቋል። በሌላ በኩል ቡም ሱፐርሶኒክ የተባለ የግል ኩባንያ በጃንዩዋሪ 2025 የሙከራ አውሮፕላኑን ከድምፅ በላይ አብርሯል፤ ከማክ 1 ብዙም ባልራቀ ፍጥነትና በበቂ ከፍታ ሲበር ሞገዱ በታችኛው ሞቃት አየር ታጥፎ ወደ ላይ ስለሚመለስ መሬት ላይደርስ ይችላል በሚለው መርህ ላይ ተመሥርቶ ነው።

የፖሊሲው ሂደት ግን ጥናቱን ቀድሞታል። በጁን 6 ቀን 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የ1973ቱ እገዳ ተነሥቶ በጫጫታ መጠን ላይ የተመሠረተ መለኪያ እንዲተካ የሚያዝ ትእዛዝ ፈርመዋል። ኤክስ-59 ያን ጊዜ ገና ከመሬት አልተነሣም ነበር፤ ከተማዎቹም ገና አልተጠየቁም። ፍጥነትን ትቶ ጫጫታን መለካት በመርህ ደረጃ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአሮጌው ደንብ አጻጻፍ የቴክኖሎጂን ዕድገት ግምት ውስጥ አላስገባም። ሆኖም የኦክላሆማ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። የጫጫታ መጠን ገደብ ሲቆረጥ ከቁጥሩ በስተጀርባ ሁልጊዜ «ስንት ሰው ሲጎዳ ነው በዛ የምንለው?» የሚለው ጥያቄ አለ። ያኔ የተጠየቁት በቀን ነው፤ አሁንስ ሌሊት ይጠየቃሉን? ያኔ የተመረጠችው ከተማ አቪዬሽን ያበላት ከተማ ነበረች፤ አሁን የሚመረጡትስ?

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻም አይደለም። የአዲሶቹ አውሮፕላኖች ዓለም አቀፍ የጫጫታ መለኪያ የሚመከርበት መድረክ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅቱ ነው። አገራችን ድርጅቱ የተመሠረተበትን የቺካጎ ስምምነት በ1944 ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት፤ በአህጉሪቱም ትልቅ አየር መንገድ አላት። ከሰማያችን በታች የሚኖረውን ገበሬ፣ አርብቶ አደርና ከተሜ ምን ያህል ድምፅ ትሸከማለህ ብሎ መጠየቅ የሌላ አገር ባለሙያ ሥራ አይደለም፤ ያንን ጥናት የሚያካሂዱት በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ለእናንተ ለወጣት የታሪክ ተመራማሪዎች አንድ የጥናት አቅጣጫ ልጠቁም። በ1964 ለመንግሥት የተጻፉት እነዚያ ከ15,000 በላይ ቅሬታዎች በተጻፉበት ጊዜ ለብዙ ባለሥልጣን የወረቀት ሸክም ነበሩ። ዛሬ ግን ስለ ተራ ሰው ጠዋት፣ ስለ ቤቱና ስለ ፍርሃቱ የሚናገሩ የታሪክ ምንጮች ናቸው። በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤቶችም ስለ ወፍጮ፣ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ መንገድ ሥራ የተጻፉ የአቤቱታ ደብዳቤዎች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። የትኛው አቤቱታ ሰሚ አግኝቶ ሕግ እንደ ሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነና ለምን እንዳልሆነ መርምሩ።